ከሲቀላ ወደ ሴቻ የወጣው በርሜል

ባሌ ሲቀላ ውስጥ በጃምቦ ብርጭቆ የሰው ፊት የሰነጠቀ ዕለት እኔ ቤቴ ሆኜ የተማሪዎቼን ፈተና አርም ነበር። የሆነውን ያወቅሁት ከሸሚዙ ነው። ገባ፤ ሸሚዙን አውልቆ በወንበር መደገፊያ ላይ አንጠለጠለው፤ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ከዚያም እራት ይቅረብ አለ። ደሙ ከአንገትጌው እስከ ወገቡ ወርዶ ደርቋል። የራሱ እንደሆነ ለማወቅ ገላውን በዓይኔ ፈተሽሁ፤ በቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ካለችው ቀጭን ጭረት በቀር ምንም አልነበረበትም።

«የማን ደም ነው?» አልሁት።

«የአንድ ባለጌ» አለና እንጀራውን ቆረሰ።

«ባለጌው» ከሲቀላ ወጣ ባለችው በላንቴ መንደር ሙዝ የሚያለማ፣ ከባሌ በዕድሜ የሚያንስ ገበሬ ነበር። ጠቡ የተነሣው በወንበር ነው። ባሌ ከሥራ በኋላ በሚያዘወትረው የድራፍት ቤት በረንዳ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሰውየው ተቀምጦ አገኘው። ተነሥ ሲለው «ምነው፣ ከእናትህ የወረስኸው ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወፍራሙ ብርጭቆ ቅንድቡ ላይ ተሰበረ። ባሌ በእጁ የቀረውን ስባሪ አልጣለውም፤ ደገመው። የሰውየው ግራ ዓይን የጠፋው በሁለተኛው ምት ነው። ይህን የነገረኝ እዚያው በረንዳ ላይ አብሮት ይጠጣ የነበረ የባሌ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሲነግረኝ የኳስ ጨዋታ የሚተርክ ይመስል ነበር።

ነገሩ በሕግ ተይዞ ሳለ ሽማግሌዎች ገቡበት። በጋሞ ምድር ደም የፈሰሰበት ጠብ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም፤ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የሆዳቸውን ተናግረው፣ ታርቀው መለያየት አለባቸው። ላንቴ ውስጥ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ተበዳዩ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ እንደታሰረ መጣ። ባሌ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌዎቹም ሁለቱ ሰዎች መጠጥ በቀመሱበት ሰዓት ዳግመኛ እንዳይገናኙ አስበው አንድ መሐላ አስማሉት፤ ከእንግዲህ ለመጠጥ ወደ ሲቀላ አይወርድም። እርቁን ያየው ፍርድ ቤትም ቅጣቱን በገደብ አደረገለት። ሲቀላ የታችኛው ከተማ ነው፤ ገበያውም፣ ጫጫታውም፣ ድራፍት ቤቱም እዚያ ነው። እኛ የምንኖረው ከላይ፣ ከሸንተረሩ ላይ፣ ሴቻ ነበር።

ባሌ ከሰሜን በሥራ ዝውውር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ የደጋው ልጅ ነኝ፤ አባቴም በደጋው በሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ነበር። መሐላ ያፈረሰ ሰው ዘሩ አይባረክም የሚባለውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ብዙም አላሰብሁበትም። ባሌ ግን፣ በሰውና በእምነት ሁሉ የሚያፌዘው ባሌ፣ ያንን መሐላ ፈራው። ልጅ አልወለድንም ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

መሐላው መንገዱን እንጂ መጠጡን አልከለከለም። ይህን በዚያን ጊዜ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ባሌ በሴቻ ሆቴሎች ለመቀመጥ ሞከረ፤ ነገር ግን እዚያ የሚቀመጡት አለቆቹ ናቸው፤ እሱ ሲገባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹም እጁን ያዩታል። ስለዚህ ከሥራ በቀጥታ ቤት መግባት ጀመረ። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ከተማው በየአቅጣጫው ይሠራል፤ ቁልቁለቱ በሚኒባስ ይጨናነቃል፤ ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ እሱ በረንዳችን ላይ ቆሞ የሲቀላን ጣሪያዎች ይመለከት ነበር። ከጣሪያዎቹ ባሻገር አባያ ቀላ ያለ ውኃውን ዘርግቶ ይታያል። እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀውን ሐይቅ እሱ አንድም ቀን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጫካው የወጣ ዝንጀሮ በማድ ቤቱ መስኮት ገባ። በሴቻ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰዉ በድንጋይና በጩኸት ያባርራል፤ ዝንጀሮውም የያዘውን ሙዝ ይዞ ይሄዳል። ባሌ ግን መስኮቱን ከውጭ ዘጋ፤ ከግቢው ጥግ የውኃ ቧንቧ ብረት አነሣ፤ በበሩ ገብቶም ከውስጥ ቀረቀረው። እኔ በግቢው ቆሜ ሰማሁ። መጀመሪያ የድስቶቹ መንኳኳት መጣ፤ ከዚያ የእንስሳው ጩኸት፤ ከዚያ ደግሞ ጩኸት የሌለበት ምት፤ ሳይቸኩል፣ ሳይዛነፍ፣ ለረጅም ጊዜ። ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ፊቱ ግን ከእርቁ ወዲህ አይቼው በማላውቀው ሁኔታ ያረፈ ነበር። ማድ ቤቱን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ደሙ ከኖራው አልለቅ ስላለ ግድግዳውን ቀለም ቀባሁት።

በዚያ ቅዳሜ በቤታችን የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ገባኝ፤ ይህ ክንድ ቀጥሎ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? የላንቴው ሰው በመሐላ ተጠብቋል። ዝንጀሮው ሞቷል። በግቢው ውስጥ የቀረሁት ሕያው ፍጡር እኔ ነበርሁ።

መልሱ አልዘገየም። ከሱቅ አስመጥቼ ያቀረብሁለት የጠርሙስ ቢራ ሞቅ ብሎ ስላገኘው በጥፊ መታኝ። በትዳራችን የመጀመሪያው ነው። ጆሮዬ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ጮኸ፤ ለብዙ ጊዜም አልተወኝም። እሱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተው።

«የጠርሙስ ቢራ እኮ የታመመ ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚይዙት ነገር ነው» አለ። «ቢራ ከበርሜል ሲቀዳ ነው ቢራ።»

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ በእጄ ከነበረው መረጃ ተነሥቼ ያደረግሁት ስሌት ትክክል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። በዩኒቨርሲቲው ስለ ሙቀትና ስለ ግፊት አስተምር ነበር። በእኔ ሙያ ግፊት ያለበትን ጋን አይመቱትም፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ያበጁለታል። ቢራው ቤት ከመጣ የሌላ ሰው ፊት አይሰበርም፤ የእኔም ፊት ያርፋል፤ ምን ያህል እንደሚጠጣም በዓይኔ አያለሁ። በላጤነቴ በመምህራን መኖሪያ የተጠቀምሁባት፣ ከወገብ የማታልፍ አሮጌ ፍሪጅ በዕቃ ቤት ተቀምጣ ነበር። ከፍታዋን ከውስጥ ለካሁ። ትንሹ የድራፍት በርሜል፣ አንገቱ ላይ ከሚገጠመው ማያያዣ ጋር፣ ይገባል፤ የበረዶ መሥሪያው ሳጥን ባይኖር።

ሥራውን የጀመርነው በበረንዳው ላይ ነው። በመጀመሪያ የበሩን ውስጠኛ መደርደሪያዎች ፈታሁ፤ በርሜሉ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ መደርደሪያዎቹ ካሉ በሩ አይገጥምም። ቀጥሎ የበረዶ ሳጥኑ መጣ። ሳጥኑ ከአናት የተንጠለጠለ ስስ አልሙኒየም ነው፤ የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚዘዋወርበት ቧንቧ በውስጡ ያልፋል፤ ስለዚህ ተቆርጦ አይጣልም። ወደ ታች ታጥፎ ከኋላው ግድግዳ ጋር መለጠፍ አለበት፤ ከተሰነጠቀ ፍሪጁ ያበቃለታል። በጣቶቼ ብቻ፣ እያረፍሁ፣ ብረቱ ሲላመድ እየተሰማኝ አጥፈው ጀመር። ባሌ ከአጠገቤ ቆሞ መዶሻ በእጁ ይወዘውዝ ነበር።

«ምን ታሻሺዋለሽ? የታመመ ወገብ ነው እንዴ?» አለ። «አንድ ጊዜ በመዶሻ በይውና ይገላገል።»

«ቧንቧው ይሰበራል።»

«ቆይ፣ ዞር በይ።»

መዶሻውን ሲያነሣ እጄን በሳጥኑ ላይ ዘረጋሁ። መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ የዘረጋሁትን እጅ አንጓው ላይ ያዘና እኔ ብረቱን ሳጥፍ እንዳየው አድርጎ ወደ ኋላ ያጥፈው ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ፣ ፊቴን እያየ። ከዓይኔ እንባ እስኪወርድ ድረስ አላቆመም።

«እንዲህ ነው የምታጥፊው?»

«አዎ» አልሁት። «እንዲህ ነው።»

ለቀቀኝና ሳቀ። ቀሪውን በግራ እጄ ጨረስሁት። ቧንቧው አልተሰነጠቀም።

ለመቅጃው የፍሪጇን አናት መብሳት ነበረብኝ፤ ቢራውን ለሚገፋው ጋዝ ቱቦ ደግሞ ጎኗን። የዚያች ፍሪጅ ሙቀት ማስወጫ ቧንቧ እንደ ሌሎቹ ከጀርባዋ የተገጠመ አልነበረም፤ በቆርቆሮው ሥር ተቀብሮ የሚያልፍ ነው፤ የት እንደሚያልፍ ሳያውቁ የሚበሳ ሰው የማቀዝቀዣውን ጋዝ ፊቱ ላይ ይለቀዋል። የበቆሎ ዱቄት በአረቄ ለውሼ አናቷንና ጎኖቿን በስሱ ቀባኋት፤ ከዚያ ሞተሯን አስነሣሁ። ቧንቧው ያለበት ቦታ ስለሚሞቅ ከሁሉ በፊት ደርቆ ነጣ፤ እባብ የሄደበት መንገድ ይመስል መስመሩ በግልጽ ወጣ። ባሌ ቀርቦ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለው።

«አረቄውን ለቆርቆሮ ከምታጠጪው ለሰው አትሰጪም ነበር?» አለ በመጨረሻ፤ ግን በፊቱ ላይ ኩራት ነበር። ድሪሉ ቆርቆሮውን ሲነክስ የወጣው ጩኸት ጎረቤቶቻችንን ወደ አጥሩ አመጣቸው። ማድ ቤት ተዘግቶበት የሞተውን እንስሳ ጩኸት የሰሙት እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው፤ ያን ቀን ግን ማንም አልመጣም ነበር።

በርሜሉንና የጋዙን ሲሊንደር ያ ባልደረባው ከአከፋፋይ ዘንድ በፒክአፕ አስጭኖ አመጣ። ሲሊንደሩን ከውጭ አቁሜ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት አሰርሁት፤ ግፊቱን አስተካከልሁ፤ ቱቦውንም አረፋ እንዳያበዛ አስረዝሜ በበርሜሉ ዙሪያ ጠቀለልሁት። የመጀመሪያው ጃምቦ ጥርት ብሎ፣ ሁለት ጣት አረፋ ይዞ ተቀዳ። ባሌ ጠጣና ዓይኑን ጨፈነ።

«ከሲቀላው ይበልጣል» አለ።

ባልደረባው በፍሪጁ ዙሪያ ዞሮ አየ። «ይሄን የመሰለ ቤት እያለ እኛ ቁልቁለት ስንወርድ ጉልበታችን አለቀ። ኢንጂነሯ፣ እኔን ደግሞ የዚህ ቤት ነዋሪ ብለሽ ቀበሌ አስመዝግቢኝ።»

«ሚስትህ ትፈቅዳለች?» አለው ባሌ።

«የእኔዋ ፍሪጅ ስትከፍት በሩ እጇ ላይ ነው የሚቀረው። እሷን ትተህ ስለ ቢራው አውራ።»

ለጥቂት ጊዜ ስሌቴ ሠራ። ባሌ ከሥራ በቀጥታ ይመጣል፤ ይጠጣል፤ ይቀልዳል። ጓደኞቹ ይመጡ ጀመር። ከአባያ የመጣ ዓሣ እጠብሳለሁ፤ እነሱ ይበላሉ። የሌላ ሰው ደም በሸሚዙ ላይ አላየሁም። እኔን መንካቱ ግን አልቀረም። አረፋ ሲበዛ እንግዶቹ በማያዩት በኩል ጎኔን በጣቶቹ ይዞ ይጠመዝዛል፤ ብርጭቆ ስወስድ እግሬን ይረግጣል። እንግዶቹ ሲሄዱ ቡጢው ይመጣል፤ ሁልጊዜ ልብስ በሚሸፍነው ቦታ። አንድ ቀን ብቻ ተሳስቶ ከንፈሬን አገኘው።

ከንፈሬ አብጦ ሳለ ነው በላንቴ ካስማሉት ሽማግሌዎች አንዱ ለዞን መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሴቻ ወጥተው ወደ ቤታችን ጎራ ያሉት። ባሌ ሲያያቸው ደነገጠ። ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣቸውና ማሽኑን አሳያቸው።

«አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ?»

ሽማግሌው ጉዳዩን ቀላል አላደረጉትም። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ሲቀላ ወርደሃል?»

«እግሬ አልረገጠም።»

«ያ የላንቴው ልጅ እዚህ ይመጣል?»

«ማን ይጠራዋል?»

«እንግዲያውስ አላፈረስህም» አሉ። ከዚያ የቀዳሁላቸውን ብርጭቆ ተቀብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አረፋው በዝቷል፣ ልጄ። እስቲ ቀንሺልኝ።»

ስቀንስላቸው ከንፈሬን ከቅርብ አዩት። ዓይናቸው እዚያ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጠጡ። ስለ ከንፈሬ የተማለ ነገር አልነበረም።

በአንድ እሑድ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ሙቀቱ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ሸንተረሩን የሚያፍንበት ወቅት ነበር። ከሰዓት በኋላ ባልደረባውና በመሥሪያ ቤታቸው የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ሾፌር መጡ። በርሜሉ ሞቋል፤ የሞቀ ድራፍት ደግሞ ከቧንቧው አፍ የሚወጣው ሁሉ አረፋ ነው። ባልደረባው ብርጭቆውን አንሥቶ አየው።

«ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ ጢም የሚላጩበት?»

ሾፌሩ ፈገግ አለ። የባሌ ጆሮዎች ቀሉ።

«ግፊቱን ጨምሪ» አለኝ።

«ብጨምረው ይብሳል። መብራት እስኪመጣ ጋዙን ብንዘጋው ይሻላል።»

«ጨምሪ አልሁሽ።»

አልጨመርሁም። ራሱ ተነሥቶ የሲሊንደሩን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። ቱቦው ማፏጨት ጀመረ፤ በመገጣጠሚያው ላይ ሲያብጥ አየሁት። ሊፈነዳ እንደሚችል ስለማውቅ ተንበርክኬ የፍሪጁን በር ከፈትሁና በርሜሉ አንገት ላይ ያለውን ማያያዣ ለመንቀል ቀኝ ክንዴን እስከ ክርኔ አስገባሁ።

«በእንግዳ ፊት ልታስተምሪኝ ነው?» የሚለውን ድምፁን ከበላዬ ሰማሁ።

በሩን በእግሩ መታው። የበሩ ጠርዝና የበርሜሉ ጠርዝ ክንዴን በመካከላቸው ያዙት። በመጀመሪያው አልተሰበረም። እንደ ብርጭቆው ደገመው፤ በዚህኛው ትከሻውን ጨምሮ። ድምፁን ከሕመሙ በፊት ሰማሁት፤ አጭርና እርጥብ ድምፅ ነበር። ወዲያው ቱቦው ከመገጣጠሚያው ተነቀለና ቢራው በግፊት ፊቴንና ጡቴን መታኝ፤ ዓይኔን ከፍቼ ለማየት አልቻልሁም። በሩን ግን አልለቀቀውም። ክንዴ ውስጥ እንዳለ በትከሻው ተደግፎ ቆመ፤ ከባድ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ጮኼ እንደሆነ አላስታውስም። ጎረቤቶቹ ጮኸሻል ይላሉ።

«ተው እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለ ባልደረባው፤ ከወንበሩ አልተነሣም።

ሾፌሩ ተነሣ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ መጣና ባሌን በሁለት እጁ ደረቱን ገፍቶ ከበሩ አነሣው። በሩን ከፈተው። ክንዴን አይቶ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለለልኝና ወደ መኪናው ወሰደኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ምን እንደመታኝ ጠየቀኝ።

«የፍሪጅ በር» አልሁት።

«በር ብቻውን ሁለቱንም አጥንት አይሰብርም።»

«በሩን የዘጋው ሰው አለ» አለ ሾፌሩ፤ ያን ቀን ከአፉ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ክንዴ በብረት ተያይዞ፣ በጀሶ ታስሮ ወደ ደጋው፣ ወደ አባቴ ቤት ወጣሁ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ አባቴ ብቻውን ነበር። ቆጮውን እየቆረሰ በግራ እጄ ያስይዘኝ ነበር። ጥያቄው አሁን ሌላ ሆኗል፤ ወደዚያ ቤት እመለሳለሁ ወይስ አልመለስም? እኔ ወስኛለሁ። ነገር ግን የእኔ ውሳኔ ብቻውን እንደማይበቃ አውቅ ነበር፤ ሽማግሌዎች እንደሚመጡም አውቅ ነበር።

ጉም መሬት ድረስ በወረደበት ጠዋት መጡ። ባሌ ከኋላቸው ነበር። በአባቴ ደጅ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ ሁሉም በጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ በእጃቸውም እርጥብ ሳር ይዘው ዘረጉ። በእኛ ዘንድ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ ልመናው አይመለስም። የታጠቀ ወጣት እንኳ መሣሪያውን አስቀምጦ ይመለሳል እንጂ ያንን ሳር አይረግጥም፣ አይሻገርም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሳር ይዞ በሰው ደጅ የተንበረከከ ሰው ነው፤ አንድም ቀን እምቢ ያለው አልነበረም። አሁን ግን በራሱ ደጅ ቆሞ የሚለመነው እሱ ሆነ።

«ልጅህን መልስልን» አሉት ከፊት የተንበረከኩት ሽማግሌ፤ ሴቻ ቤታችን የጠጡት እሳቸው ነበሩ። «ልጁ ተጸጽቷል።»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አልሁ።

አባቴ ጠይቂ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

«ይማል» አልሁ። «እጁን በእኔ ላይ ዳግመኛ እንደማያነሣ።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው ባሌን አዩት።

«ቢራውን እተዋለሁ» አለ ባሌ ፈጥኖ። «ማሽኑን ሰባብሬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሲቀላም፣ ሴቻም፣ የትም አልጠጣም። በዚህ አስምሉኝ።»

«ስለ ቢራ አልጠየቅሁም።»

«ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ «እሷ በጠየቀችው ነው የምናስምልህ።»

ባሌ እጁ ላይ ያለውን ሳር ተመለከተ። ፊቱ ላይ ያየሁት ተንኮል አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«እንዴት እምላለሁ?» አለ። «ነገ ብታናድደኝስ? መሐላ አፍርሼ ልረገም?»

አሥር ጊዜ ይቅርታ ቢጠይቀኝ የማላምነውን ሰው ያን ጊዜ አመንሁት። መሐላውን ስለሚያከብር የማይጠብቀውን ቃል ሊምል አልፈለገም። ብመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ ነግሮኛል፤ በአባቴና በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሳር በእጁ ይዞ ነግሮኛል።

ሽማግሌዎቹ ግን አልተነሡም። ሳሩ አሁንም ተዘርግቷል። ልማዱ አባቴ ሳሩን እንዲቀበል ያስገድደዋል፤ ጥሎአቸው ሊገባም፣ ሊሻገራቸውም አይችልም። አባቴ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ እንሰቱ ሥር ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ጤዛ ያዘለ ሳር ነጨ፤ ተመልሶም ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት፣ በዚያው ጭቃ ላይ፣ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። ሳሩን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«እኔም እለምናችኋለሁ» አለ በጋሞኛ። «ይህችን ልጅ ተዉልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። የሚለምኑት ተለመኑ፤ እምቢ የማይባሉት እምቢ የማይሉት ሰው መጣባቸው። ሁለቱም ወገን ሳር ይዘው ጉም ውስጥ ተፋጠጡ፤ ቀድሞ የሚነሣ ጠፋ። የሽማግሌዎቹ ጋቢ ጭቃውን እየጠጣ ከበደ። ባሌ ከኋላ ሆኖ አንዱን ፊት ከሌላው ያያል። አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው፤ አባቴ ግን እጁን አላጠፈም።

በመጨረሻ ከፊት ያሉት ሽማግሌ ሳራቸውን ወደ ራሳቸው መለሱ። ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ በጣም ቀስ ብለው ተነሡ። የአባቴን ሳር ተቀበሉት። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ለጥቂት ጊዜ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ ክንዴ እንጂ ወደ ፊቴ አልነበረም። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ተነሡ። ባሌ ሊናገር አፉን ሲከፍት አንዱ ትከሻውን ይዘው አዞሩትና ወደ ቁልቁለቱ ወሰዱት። በቀርከሃዎቹ መካከል ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ አባቴ እንደተንበረከከ ቀረ።

ላነሣው ሄድሁ። ግራ እጄን በብብቱ ሥር አስገብቼ ስስበው ጉልበቱ አልታዘዝ አለው፤ ሳላስበው በጀሶ የታሰረውን ክንዴን ልጨምር አነሣሁ።

«ቆይ፣ በእሱ አይደለም» አለ። «እኔ እነሣለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚልኝ።»

በደኅናው ትከሻዬ ላይ እጁን ጭኖ ተነሣ።